«የለም» በል ያለህን ሰው አትስማው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የእርስዎን ዓምድ ከማንበብ አልፌ ጽፌ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ጭንቀት አስጻፈኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። በ25 ዓመቴ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በብድር ገንዘብ ምክንያት ተጨቃጭቀን በቡጢ መታሁት፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ተሰበሩ። ተከስሼ ጥፋተኛ ተባልኩና 8 ወር ተፈረደብኝ፤ መቀጮም ተጣለብኝ። 6 ወር ገደማ ታስሬ በአመክሮ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ደርሼ አላውቅም። ልጁንም ይቅርታ ጠይቄው ታርቀናል።

አሁን ታናሽ እኅቴ ካናዳ ውስጥ ልታገባ ነው፤ ለሠርጉ 7 ወር ቀርቶታል። አባታችን ካረፈ ጀምሮ እንደ አባት ያየሁላት እኔ ነኝ፤ «አንተ ከሌለህ ሠርግ አይመስለኝም» ትላለች። ፎርም የሚሞላልኝ ሰው ግን «ወንጀል ፈጽመህ ታውቃለህ ለሚለው የለም በል። እነሱ ከየት ያውቃሉ? አዎ ካልክ በሩ ለዘላለም ተዘጋ ማለት ነው» አለኝ። ትኬቱንም ረከስ ስለሚል በአሜሪካ በኩል የሚያልፈውን ቁረጥ ብሎኛል። ሌላም ጭንቀት አለብኝ። የእኅቴ እጮኛም ሆነ ቤተሰቦቹ ታስሬ እንደነበር አያውቁም፤ በቪዛው ሰበብ ጉዳዩ እንዲወጣ አልፈልግም። እውነቱን ጽፌ ሠርጉ ከሚያመልጠኝ፣ ዋሽቼ ብገኝላት አይሻልም ወይ?

የሙሽሪት ወንድም ነኝ

መልስ

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ። አይሻልም። ውሸት መጥፎ መሆኑን ልነግርህ አይደለም፤ እሱን ባታውቀው ኖሮ ሌሊት ተቀምጠህ አትጽፍልኝም ነበር። አይሻልም የምልህ፣ የዛሬ 9 ዓመት የሠራኸው ጥፋት በሕጉ ውስጥ መንገድ ስላለውና ዛሬ ልትጽፈው ያሰብከው አንድ ቃል ግን ያንን መንገድ ስለሚዘጋው ነው። ያ ሰው ነገሩን ገልብጦ ነው የነገረህ።

በአንድ ነገር ግን ትክክል ነው፤ እሱን ልደብቅህ አልፈልግም። በዓለም ላይ የተፈረደበትን ሰው ሁሉ ስም የያዘ አንድ መዝገብ የለም። ሰዎች የሚፈሩት ኢንተርፖልም ቢሆን 196 አባል አገሮች ቢኖሩትም፣ ቀይ ማስታወቂያ የሚያወጣው በሚፈለግ ሰው ላይ ነው፤ ቅጣቱን ጨርሶ ቤቱ በገባ ሰው ላይ አይደለም። ስለዚህ «የለም» ብለህ ብትጽፍ ኮምፒውተሩ ወዲያው ይጮሃል ብዬ አላስፈራራህም። ምናልባት ቪዛው ይሰጥህ ይሆናል፤ ሠርጉንም ትበላ ይሆናል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ውሸቱ የዚያን ቀን አያልቅም፣ ፋይልህ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሴት ጽፋልኝ ነበር። በ19 ዓመቷ ከአንድ ሱቅ ሽቶ ሰርቃ ተይዛ፣ መቀጮ ከፍላ ወጣች። በ31 ዓመቷ ለካናዳ የጉብኝት ቪዛ ስታመለክት፣ የዚያ ሰው ዓይነት መካሪ ነበራትና «የለም» ብላ ሞላች። ቪዛው ወጣ፣ ሄደች፣ ተመለሰች። ማንም ምንም አላለም። በኋላ እዚያው የሚኖር ሰው አገባችና ለቋሚ ነዋሪነት ስታመለክት፣ ከ18 ዓመቷ ጀምሮ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከኖረችባቸው አገሮች ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ አምጪ ተባለች። ማስረጃው ሲወጣ ያ መቀጮ ቁልጭ ብሎ ተጽፎበታል። ሁለቱን ፎርሞች ጎን ለጎን ለማየት አንድ ሠራተኛ በቂ ነበር። ይበልጥ የሚያንገበግበው፣ ስርቆቱ በካናዳ ሕግ ዝቅተኛ የሚባለው ዓይነት ስለሆነና ከቅጣቷ 12 ዓመት ስላለፈ፣ እውነቱን ብትጽፍ ኖሮ በጊዜ ብዛት ታርማለች ተብሎ የሚታለፍ መሆኑ ነው። በሽቶው አይደለም የተቀጣችው። በሐሰተኛ መልሱ 5 ዓመት ካናዳ እንዳትገባ ተወሰነባት፤ ባሏ እዚያ፣ እሷ እዚህ።

ይህ 5 ዓመት በካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ በአንቀጽ 40 የተቀመጠ ነው፤ ቀድሞ 2 ዓመት ነበር፣ በፈረንጆች ከ2014 ጀምሮ ወደ 5 ከፍ ተደረገ። ካናዳ ደግሞ ከሌሎቹ ስትነጻጸር ለስላሳ ናት። ብሪታንያ በማመልከቻ ላይ ያታለለን ሰው እስከ 10 ዓመት ትከለክላለች። አሜሪካ ደግሞ ቪዛ ለማግኘት ብሎ ቁም ነገር ያለውን ጉዳይ ያጭበረበረን ሰው ለዕድሜ ልክ ነው የምታግደው፤ ከዚያ በኋላ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ አይገባም። ካናዳ ለቪዛ የምትወስደው አሻራህም እዚያ ብቻ አይቀርም፤ ካናዳ፣ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የኢሚግሬሽን መረጃና አሻራ ይለዋወጣሉ። አንዱ ጋ የዋሸኸው ሌላው ጋ ሊጠብቅህ ይችላል።

ጥያቄው እንዴት እንደሚነበብም ልብ በል። የካናዳው የጉብኝት ቪዛ ፎርም «ታስረሃል ወይ» ብሎ አያበቃም፤ በየትኛውም አገር ወንጀል ፈጽመህ፣ ተይዘህ፣ ተከስሰህ ወይም ተፈርዶብህ ታውቃለህ ወይ ነው የሚለው። የአሜሪካው ፎርም ደግሞ ይቅርታ ወይም ምሕረት የተደረገለትን ጨምሮ ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። ብዙ ሰው «ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ተሰርዞልኛል፣ በነጻ ተለቅቄያለሁ» ብሎ በቅን ልቦና «የለም» ይላል፤ ከዚያ ውሸታም ተብሎ ይገኛል። ጥያቄው መያዝን የሚጨምር ከሆነ፣ ተይዞ በነጻ የተለቀቀ ሰውም መልሱ «አዎ» ነው፤ ከሥር በነጻ መለቀቁን ይጽፋል፣ የነጻ መባሉን ውሳኔ ያያይዛል።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። የካናዳ ሕግ ሰዎችን ግራ የሚያጋባበት አንድ ነጥብ አለውና ረጋ ብለህ አንብበው። አንተ የምታስበው 8 ወሩን ነው። «8 ወር ብቻ ነው፣ ያውም በአመክሮ ወጥቻለሁ» ትላለህ። የካናዳ ሠራተኛ ግን የሚያየው ዳኛው የሰጠህን ቅጣት አይደለም። የሠራኸውን ድርጊት ወስዶ «ይህ ካናዳ ውስጥ ቢፈጸም የትኛው አንቀጽ ሥር ይወድቅ ነበር? የዚያ አንቀጽ ጣሪያ ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጣሪያው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ «ከባድ ወንጀል» ይባላል፣ አንተ አንድ ቀን ባትታሰር እንኳ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር የሚገጥመው፦ ጠጥቶ ማሽከርከር በካናዳ በፈረንጆች ከዲሴምበር 18 ቀን 2018 ጀምሮ ጣሪያው 10 ዓመት ስለሆነ፣ ሌላ አገር በመቀጮ ያለፈ ሾፌር ካናዳ ደጃፍ ላይ ከባድ ወንጀለኛ ሆኖ ይገኛል።

በአንተ ነገር ወሳኞቹ እነዚያ ሁለት ጥርሶች ናቸው። በካናዳ የወንጀል ሕግ ተራ ድብደባ ጣሪያው 5 ዓመት ነው። የአካል ጉዳት ያደረሰ ድብደባ ግን ጣሪያው 10 ዓመት ነው። የአካል ጉዳት የሚባለውም ቀላልና ወዲያው የሚያልፍ ያልሆነ፣ የሰውን ጤና ወይም ምቾት የሚነካ ጉዳት ነው። የተሰበረ ጥርስ ወዲያው የሚያልፍ ነው ብሎ መከራከር ከባድ ነው። እንግዲህ እኔ እንደማየው ጉዳይህ ወደ ከባዱ ክፍል የመግባቱ ዕድል ሰፊ ነው፤ ግን የሚወስነው የተከሰስክበት አንቀጽ ቃልና የፍርዱ ጽሑፍ ነው። የተከሰስክበት አንቀጽ ጉዳት የሚለውን ቃል ጨርሶ ካላነሳ፣ ጥሩ ጠበቃ ተራ ድብደባ ነው ብሎ የሚሞግትበት ቦታ ይኖረዋል።

ይህ ለምን አሳሰበኝ? ተራ ድብደባ ከሆነ፣ ቅጣትህን ከጨረስክ 10 ዓመት ሲሞላ፣ ሌላ ጥፋት እስከሌለብህ ድረስ፣ ምንም ማመልከቻ ሳታስገባ ታርሟል ተብለህ ትቆጠራለህ። ከባዱ ከሆነ ግን ይህ በጊዜ ብቻ የሚገኝ ነገር የለም፤ 20 ዓመት ቢያልፍም ራስህ ማመልከት አለብህ። ለአንተ ለጊዜው ልዩነቱ ትልቅ አይደለም፤ 10 ዓመቱ ገና አልሞላም። ለነገው ግን ትልቅ ነው።

የቀን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለው። ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ከእስር ቤት በር ከወጣህበት ቀን አይደለም፤ ቅጣቱ በሙሉ ካለቀበት ቀን ነው። አንተ በ6 ወር ብትወጣም አመክሮው እስከ 8ኛው ወር ድረስ ቅጣት ነው። መቀጮውን ደግሞ በኋላ ከፍለህ ከሆነ፣ ቆጠራው የሚጀምረው የመጨረሻዋን ሳንቲም ከከፈልክበት ቀን ነው። መቀጮውን ረስቶ ዓመታት ያለፈው ሰው፣ በወረቀት ላይ ቅጣቱ ገና ያላለቀ ሆኖ ይገኛል። ደረሰኙን ፈልግ። ከጠፋህ ከፍርድ ቤቱ ወይም ከገንዘብ ክፍሉ ማረጋገጫ ጠይቅ።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለህ፤ በአንድ ላይ ልትሄድባቸውም ትችላለህ። የመጀመሪያው ክሪሚናል ሪሃቢሊቴሽን የሚባለው ነው፤ ይህ ሰው ታርሟል፣ ያለፈው ጥፋቱ ካሁን በኋላ አያስከለክለውም የሚል ውሳኔ። ቅጣትህን ከጨረስክ 5 ዓመት ካለፈ ማመልከት ትችላለህ፤ መቀጮውን በጊዜው ከፍለህ ከሆነ አንተ አልፈሃል። አንዴ ከተፈቀደ ሌላ ጥፋት እስካልሠራህ ድረስ ለዘለቄታው ነው። ችግሩ መዘግየቱ ነው፤ ከዓመት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ለሠርጉ ይደርሳል ብለህ አትቁጠር። ክፍያውም ከባድ ለሚባለው ወንጀል ከሌላው 5 እጥፍ ገደማ ነው።

ሁለተኛው ጊዜያዊ ፈቃድ ነው። ሕጉ የሚከለክለውን ሰው ለበቂ ምክንያት፣ ለተወሰነ ጊዜ ማስገባት የሚቻልበት በር ነው፤ ከ3 ዓመት አይበልጥም፣ በማንኛውም ጊዜም ሊሰረዝ ይችላል። ሠራተኛው የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው፦ በአንድ በኩል መግባት ያስፈለገህ ምክንያት፣ በሌላ በኩል በኅብረተሰቡ ላይ የምታመጣው ስጋት። የወላጅ ቦታ የያዝክላት እኅትህ ሠርግ፣ 8 ዓመት ያህል ንጹሕ ሕይወት፣ አንድ ጥፋት ብቻ፣ በሰባተኛው ቀን የመመለስ ዕቅድ፤ ይህ ክብደት ያለው ጉዳይ ነው። ግን የሠራተኛው ፈቃድ እንጂ የአንተ መብት አይደለም፤ ይፈቀዳል ብዬ ቃል ልገባልህ አልችልም። ከቪዛ ማመልከቻህ ጋር አብረህ፣ ለምን እንደምትጠይቅ በግልጽ ጽፈህ አስገባው። 7 ወር ረጅም አይደለም፤ ጥያቄውን ለማስገባት የመጨረሻውን ወር አትጠብቅ።

ቢከለክሉህስ? ይህን መጠየቅህ አይቀርም። ያኔ ተከለከለ የሚል ወረቀት ይመጣል፤ ሌላ ፎርም «ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ» ሲልህ አዎ ትላለህ፤ ሪሃቢሊቴሽኑ ሲወጣልህ ተመልሰህ ታመለክታለህ። መከልከልና መታገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተከለከለ ሰው በማግስቱም ማመልከት ይችላል፤ በሐሰት የተያዘው ግን 5 ዓመት በሩን አያንኳኳም፣ ያቺም እኅትህ እስከዚያ ሦስት ልጅ ልትወልድ ትችላለች።

በአሜሪካ በኩል የሚያልፈውን ትኬት ግን ተወው። በብዙ አገሮች አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ከሆነ ከኤርፖርቱ ሳትወጣ፣ ኢሚግሬሽን ሳትደርስ ታልፋለህ። አሜሪካ እንዲህ ያለ መሸጋገሪያ የላትም፤ ለ2 ሰዓት ብታርፍም ገብተህ ነው የምትወጣው፣ ስለዚህ የመሸጋገሪያ ቪዛ ያስፈልግሃል፤ ያ ቪዛ ያንኑ የወንጀል ጥያቄ ይጠይቅሃል። የአሜሪካ ሕግ የሥነ ምግባር ብልሹነት ያለበት የሚለው የወንጀል ዓይነት አለው። ተራ ድብደባ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ከባድ ጉዳት ለማድረስ ታስቦ የተፈጸመ ግን ይገባል። ለአንድ ቀላል ጥፋት የሚሰጠው ልዩ አስተያየት ደግሞ የሚሠራው የወንጀሉ ጣሪያ ከ1 ዓመት ካልበለጠና የተፈረደበት ከ6 ወር ካልበለጠ ነው፤ የአንተ 8 ወር ከዚያ ያልፋል። ረከሰ የተባለው ትኬት ሁለተኛ ክርክር ይዞብህ ይመጣል። በሌላ በኩል የሚሄደውን ቁረጥ፤ እሱንም ቪዛው ከወጣ በኋላ።

እዚህ ላይ ትንሽ ከአንተ ወጣ ልበል፤ ስለ ሌሎች አገሮች የሚጽፉልኝ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። አንድ ሰው፣ አንድ ፍርድ ይዞ በየበሩ የተለያየ ሰው ይሆናል። የአንተ እኅት የምታገባው ለንደን ቢሆን ኖሮ ጭንቀትህ በጣም ይቀንስ ነበር፤ ብሪታንያ የምትቆጥረው በእርግጥ የተፈረደብህን ስለሆነ 12 ወርና ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበትን ትከለክላለች፣ ከዚያ በታች ለሆነውና ቅጣቱ ካለቀ 12 ወር ላለፈው ጎብኚ ግን በሩ በሕግ አልተዘጋም። አውስትራሊያም በባሕርይ ፈተናዋ መስመሩን 12 ወር ላይ ነው ያሰመረችው፤ የተለያዩ ፍርዶች ተደምረው 12 ወር ከሞሉም ይቆጠራል፣ በገደብ የታለፈ እስራትም እንደ እስራት ነው። ኒውዚላንድ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበትን፣ እንዲሁም ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ 12 ወርና ከዚያ በላይ የተፈረደበትን አትቀበልም። ጃፓን 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበትን ትከለክላለች፤ የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ከሆነ ግን የቅጣቱን መጠን አታይም። ታዋቂዋ አሜሪካዊት ፓሪስ ሂልተን በፈረንጆች 2010 ላስ ቬጋስ ውስጥ ኮኬይን ይዛ በመገኘቷ ጥፋተኛ ነኝ ባለች በሁለተኛው ቀን ቶኪዮ ናሪታ ኤርፖርት ደርሳ ተመልሳለች። ቦክሰኛው ማይክ ታይሰንም በፈረንጆች 1992 በተፈረደበት ፍርድ ምክንያት በ2013 ብሪታንያ መግባት አልቻለም፤ ቀደም ሲል በ2000 ገብቶ የተጋጠመባት አገር ናት። በመካከሉ ሕጉ ተለውጦ ነበር። ስለዚህ «ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ገብቷል» የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ወረቀቱ፤ በእኔ ግምት የአንተ ጉዳይ የሚወድቀውም የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው። ከፍርድ ቤቱ የፍርዱን ሙሉ ግልባጭ አውጣ፤ ማጠቃለያውን ሳይሆን ሙሉውን። የተፈረደብህ አንቀጽ ሙሉ ቃል፣ ቅጣትህን የጨረስክበት ማረጋገጫ፣ የመቀጮው ደረሰኝ፣ አዲስ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልግሃል። የፖሊስ ማስረጃ ቶሎ ያረጃል፤ ብዙ ቦታ ከ6 ወር የቆየውን አይቀበሉም፣ እሱን መጨረሻ ላይ አውጣው። ሁሉም በሕጋዊ ተርጓሚ ተተርጉሞ፣ ዋናው ከትርጉሙ ጋር አብሮ ይሂድ።

ከዚያ የራስህ ደብዳቤ አለ። ሰዎች የሚበላሹት እዚህ ነው። የሚላኩልኝ ረቂቆች ውስጥ ደጋግሜ የማየው ዐረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ «በወጣትነት ዘመኔ በተፈጠረ ያልታሰበ አለመግባባት ምክንያት በግለሰቡ ላይ ጉዳት ደርሷል።» እስቲ አንብበው። ማን ነው የመታው? በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጉዳት አለ፣ ጉዳት ያደረሰ ሰው ግን የለም። የፍርዱ ግልባጭ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ይህን የሚያነብ ሠራተኛ፣ ሰውየው እስከ ዛሬ ጥፋቱን አልተቀበለም ብሎ ያስባል። አንተ እንዲህ ብለህ ጀምር፦ «በ25 ዓመቴ በሥራ ቦታ በብድር ገንዘብ ተጨቃጭቀን ባልደረባዬን በቡጢ መታሁት። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ተሰበሩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።» እነዚህ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ከአንድ ገጽ ማስተባበያ ይበልጣሉ። ለእኔ በጻፍከው ደብዳቤ ላይ «በቡጢ መታሁት» ብለህ ነው የጻፍከው፤ ሳትሸፋፍን መናገር ትችልበታለህ ማለት ነው። ያንኑ ለእነሱም ጻፍ።

ቀጥሎ የተለወጠውን ጻፍ፣ በቀንና በሥራ። የት ትሠራለህ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማንን ታስተዳድራለህ፣ ንዴት ሲመጣብህ ዛሬ ምን ታደርጋለህ። «ጥሩ ሰው ሆኛለሁ» ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ከአለቃህ የድጋፍ ደብዳቤ ከወሰድክ፣ አለቃህ መፈረዱን አውቆ ይጻፈው፤ ስለ ፍርዱ ምንም የማያውቅ ሰው የጻፈው ምስጋና ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይጠቅምህም። የመታኸውን ሰው ግን ደብዳቤ ጻፍልኝ ብለህ አትያዘው። እሱ ሰምቶ በራሱ ፈቃድ «ልጻፍልህ» ካለ አመስግነህ ተቀበል። አንተ ሄደህ ብትጠይቀው ያንን ቀን ሁለተኛ ጊዜ ታስከፍለዋለህ፤ ይቅርታውም ዕዳ ይመስለዋል።

ፎርም የሚሞላልህን ሰው በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የካናዳ ሕግ ተከፍሎት በኢሚግሬሽን ጉዳይ እንዲወክልህ የሚፈቅደው ጠበቃን ወይም በመዝገብ የተመዘገበ ፈቃድ ያለው አማካሪን ነው፤ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቀህ ስሙን ራስህ ፈልገው። ቁጥር ከሌለው፣ ነገ ነገሩ ሲበላሽ ፎርሙ ላይ የእሱ ስም የለም። ከታች ያለው ፊርማ ያንተ ነው፤ «የሞላልኝ ሌላ ሰው ነው» ማለትም አያድንህም። ገንዘብህን ለእሱ ከምትከፍል፣ በዚህ ዓይነት ጉዳይ የሠራ ጠበቃ ለአንድ ሰዓት ማማከር ይሻልሃል።

የመጨረሻው፣ ምናልባትም ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳህ፣ የሙሽራው ቤተሰብ ነው። የቪዛ ቢሮው ለአማቾች ደብዳቤ አይጽፍም፤ ፋይልህ የአንተ ነው፣ አንተ ያልፈቀድክለት ሰው ገብቶ አያነበውም። ግን ግብዣውን ማን ይጽፋል? እኅትህ ብቻዋን ትጻፈው። እጮኛዋ አብሮ የሚፈርም ከሆነ፣ ደውለው ቢጠይቁት የማያውቀውን ነገር ይሰማል፤ ከማን እንደሚሰማው ደግሞ አስበው። እኅትህም በደብዳቤዋ ላይ «ወንድሜ በሕይወቱ ከሕግ ጋር ተጋጭቶ አያውቅም» የሚል ነገር በፍቅር ተነሳስታ እንዳትጽፍ ንገራት፤ አንተ «አዎ» እያልክ እሷ «የለም» ብትል ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ።

ከዚህ ውጭ ያለው የእኔ አስተያየት ነው፤ ባትቀበለው አልቀየምህም። ለእጮኛዋ ራስህ ደውለህ ብትነግረው እመርጣለሁ። ለቤተሰቡ ሁሉ አይደለም፤ ለእሱ ብቻ። አስቀድመህ ከእኅትህ ጋር ተማከር፤ ምስጢሩን አብራህ የያዘችው እሷ ናትና። ቪዛው ቢዘገይ ወይም ቢከለከል «ወንድምሽ ለምን አልመጣም» የሚለው ጥያቄ በሠርጉ ዋዜማ ይመጣል፤ ያኔ እሷ በቬሎዋ ውስጥ ሆና ሰበብ ስትፈልግ አይታየኝም። ለእሱ ስትነግረውም ያንኑ ሦስት ዐረፍተ ነገር ተጠቀም። ከዚያ ዝም በልና ይጠይቅህ።

ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሂድ። የመዝገብ ቁጥሩን ካላስታወስክ በስምህና በዓመቱ ይፈልጉልሃል፤ ትንሽ ያመላልሱህ ይሆናል፣ አትሰልች። ግልባጩ እጅህ ሲገባ የተፈረደብህን አንቀጽ ሙሉ ቃልና መቀጮውን የከፈልክበትን ቀን ጻፍልኝ። ጉዳት የሚለው ቃል እዚያ መኖር አለመኖሩን አብረን እናነበዋለን።